በጀልባ የተቆረጠ ሙዝ

«የሠራተኞቹን ነገር ተወው፤ እነሱን ውኃው አሰናብቷቸዋል» ሲል ሰማችው። ሻሺቱ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ ሌላውን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ወንድሟ ላቀው ሳሎን ተቀምጦ በስልክ እያወራ ነበር። የእሷን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ችፑድ ስለሆነ ሳል እንኳ ከወዲህ ወዲያ ያልፋል፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ማለዳ ላይ ከራሱ በቀር የነቃ ሰው ያለ አይመስለውም። «ቀሪዋን ሙዝ አውጥተው፣ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ነቅለው ይጨርሱልኝና ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ። አሁን ከነገርኳቸው ማን ጀልባ ላይ ይወጣልኛል? አዎ፣ ሶዶ ላይ ቤቱን ይዣለሁ። ሲሚንቶና ብረት ነው የማስገባው። ሙዝማ በቃኝ» አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለ ነበር። ሻሺቱ ሁለተኛውን ጫማ ቀስ ብላ አጠለቀች። የሐይቁ ውኃ እርሻው ውስጥ ከገባ ጀምሮ ላቀው ለሠራተኞቹ የሚነግራቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ይመለሳል» ነበር የሚላቸው። እሷም ይህንኑ ቃል ተቀብላ እርሻው ወዳለበት ጫኖ እየወሰደች ስታከፋፍል ነው የከረመችው።

ቁርስ ላይ የላቀው ሚስት ኢየሩስ ዳቦ ቆርሳ ሻይ ቀዳች፣ ሽንኩርት ደግሞ መጨመሩን ነገረቻቸው፣ ሲቀላ ገበያ ላይ የሚሸጠው ሙዝ አሁን ከሌላ አገር እየመጣ መሆኑን፣ አርባ ምንጭ ተቀምጦ የሌላ አገር ሙዝ መግዛት እንደሚያሳፍር ተናገረች። ላቀው ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ በላ። ከበላዩ ግድግዳው ላይ የአባታቸው የአቶ ታምሩ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሽማግሌው ከደረቱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የሙዝ ዘለላ እንደ ልጅ አቅፎ ቆሟል። መሬቱን ጫካ መንጥሮ ያቀና እሱ ነው። ሲሞት መሬቱ ለወንድ ልጁ ወጣ፤ ለሻሺቱ የቀረላት ሙያው ነው። ሙዝ አይሱዙ ላይ እንዴት እንደሚደረደር፣ ከታች ደረቅ ኮባ እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ዘለላው በየት በኩል ጀርባውን እንደሚሰጥ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ሲወርድ አንድም ጣት ሳይጠቁር እንዴት እንደሚገኝ ያስተማራት አባቷ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታድረው ወንድሟ ግቢ ነው። ስለ መሬቱ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ሁለቱ ሲቀመጡ ይህ ነገር መሐላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው አብሮ ይቀመጣል።

«ዛሬ ብዙ ታወጣላችሁ?» አላት ላቀው፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ።

«እንደ ውኃው ነው» አለችው።

ነጠላዋን ለብሳ፣ የምሳ ሳህኗን ፌስታል ውስጥ አድርጋ ወጣች። ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ወደ ጫኖ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች። ረዳቱ ስለሚያውቃት መስኮት ዳር አስቀመጣት። ቀድሞ በዚህ መንገድ ግራና ቀኙ ሙዝ ነበር፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ ዓይን የማይዘልቀው አረንጓዴ፣ በየመሐሉ ማንጎ፣ በየቦዩ የሚንፎለፎል ውኃ። አሁን በስተቀኝ በኩል አረንጓዴው ቶሎ ያልቅና ከበስተኋላው ቀላ ያለ ሰፊ ነገር ይመጣል። ዓባያ ነው። ሰው ስለ ምክንያቱ የየራሱን ይላል፤ ደጋው ሲታረስ አፈሩ ወርዶ የሐይቁን ሆድ ሞልቶት ነው የሚሉ አሉ፣ ዝናቡ ወቅቱን ስቶ ባንድ ጊዜ ስለሚወርድ ነው የሚሉ አሉ፣ ከጸሎት ቤቱ የሚመለሱት ደግሞ ሌላ ይላሉ። ሻሺቱ ስለ ምክንያቱ ማሰብ ካቆመች ቆየች። የምታስበው ስለ ካሱ ነበር፣ ስለ ፌቨን፣ ስለ ሌሎቹም ሠራተኞች፤ ዛሬም ውኃው ዳር ቆመው እንደሚጠብቋትና ዓይን ዓይኗን እንደሚያዩ።

እንደፈራችውም ሆነ። ሠራተኞቹን ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው አገኘቻቸው። ካሱ የቆራጮቹ አለቃ ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው በሸክም የተጣመመ ሰው፣ ዘለላውን በግራ ትከሻው ተቀብሎ በቀኝ እጁ በአንድ ምት የሚቆርጥ። ፌቨን አጣቢ ነች፤ ሙዙ ከተቆረጠ በኋላ ሙጫውን አጥባ፣ የተመታውን ለይታ የምታወጣ፣ ጣቶቿ ከሙጫው የተነሳ ሁልጊዜ የጠቆሩ። ካሱ ሻሺቱን ገና ከሩቅ ሲያያት ተነስቶ መጣ።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ አንድ ሰው እዚህ መጥቶ ነበር» አላት። «ክብሩ ይባላል። ከጂንካ ወዲያ አዲስ የሙዝ እርሻ ተከፍቷል አለን። ቆራጭ ይፈልጋሉ፣ አጣቢ ይፈልጋሉ፣ ደርዳሪ ይፈልጋሉ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ መኪና ይነሳል፤ የመጣ ይሄዳል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ጋሽ ላቀው ይመለሳል ብሏል። ለስንት ዓመት እንጀራ ያበላንን ሰው በክፉ ቀን ጥሎ መሄድ ነውር ነው ተባባልን። ግን ደግሞ ሰውዬው ሁለተኛ አይመጣም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ እሱ ቤት ነው የምታድሪው። ምን ይላል?»

ሻሺቱ አፏን ከፈተች። ከካሱ ትከሻ በላይ ፌቨን ቆማ ታያታለች፣ ከእሷም ኋላ ሌሎቹ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን የወንድሟን ቤት፣ የችፑዱን ግድግዳ፣ የኢየሩስን ሻይ አሰበች፤ ላቀው የእናቷ ልጅ ነው። «ስልክ ላይ ነበር፤ አላገኘሁትም» አለች። ካሱ ራሱን ነቀነቀ። ውሸቷ ልክ እንደ ጥሬ ሙዝ ምላሷ ላይ ተጣበቀ።

ጀልባዋ የጋሽ ኦይታ ነች። ጋሽ ኦይታ ከአባቷ ጋር የመጀመሪያውን ቦይ የቆፈሩ ሽማግሌ ናቸው። እርሻው ሲሰጥም ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ገዝተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው መቅዘፍ ተማሩ። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው በጋሞኛ ሰላም አሏት፤ ካሱንና ፌቨንን አስከትላ ገባች። ከዳር ጥቂት እንደራቁ ሁሉም ዝም አሉ። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው፤ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ዝም ይላሉ። ምክንያቱም ከፊታቸው ያለው ሙዝ ነው፣ ሐይቅም ነው። ግንዶቹ ከውኃው ውስጥ እንደቆሙ ናቸው፣ ረድፋቸውን እንደጠበቁ፣ አባቷ በገመድ ለክቶ በተከላቸው መስመር። ቅጠላቸው ዳር ዳሩን ቢጫ ሆኗል፤ ቢሆንም ከላይ ተገናኝቶ ጣሪያ ሠርቷል። ከጣሪያው ሥር ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፣ ውኃው ቀይ ቡናማ። የሚሰማው የመቅዘፊያው ጠብታና ማዕበሉ ግንዶቹን ጠፍ ጠፍ የሚያደርግበት ድምፅ ብቻ ነው። ዘለላዎቹ ከውኃው ከፍ ብለው ተንጠልጥለዋል፤ ሥራቸው እየበሰበሰ እንኳ ፍሬያቸው እየወፈረ ነው። ሻሺቱ በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ እዚህ ቦታ ላይ በእግሯ ስትሄድ እንዲህ ቀና ብላ አይታ አታውቅም። ያን ጊዜ የምታየው ሥራዋን ነበር። አሁን አንገቷ እስኪያማት ታያለች።

መቅዘፊያው አንድ ጠንካራ ነገር ነክቶ ቋ አለ። ጋሽ ኦይታ ቆሙ።

«ቦዩ ነው» አሉ። «ከንፈሩ ላይ ነን። ለዚህ ቦይ ውኃ ለማምጣት ከላይኞቹ ጋር ስንቴ ተፈነካክተናል። አባትሽ ግንባሩ ላይ የነበረችው ጠባሳ ከዚያ ነው። አሁን ራሱ መጣ፤ ሳንጠራው።»

ካሱ ተነስቶ ቆመ። ጀልባ ላይ ሙዝ መቁረጥ መሬት ላይ እንደመቁረጥ አይደለም፤ ዘለላው ሲወርድ ከክብደቱ ጋር ጀልባዋ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ ካሱ በአንድ በኩል ሲቀበል ሻሺቱና ፌቨን በሌላው በኩል ይጋደማሉ። ይህንን ማንም አላስተማራቸውም፤ ውኃው መጥቶ ነው ያስተማራቸው። ገጀራው አንዴ ጨረፍ አደረገ፣ ዘለላው ትከሻው ላይ አረፈ፣ ጀልባዋ ተወዛወዘችና ረጋች። ሻሺቱ ዘለላውን ተቀብላ ኮባው ላይ አስተኛችው። ሁለተኛውን ሲያነጣጥር ፌቨን እጇን ካሱ ጉልበት ላይ አድርጋ ያዘችው። በአገጯ ወደ ግራ አመለከተች።

አንድ እግር ሙዝ ከነልጆቿ ከመሬት ለቀቀች። ድምፅ አልነበረውም። ከሥር አንድ ነገር እጁን የከፈተ ይመስል ትንሽ ከፍ አለች፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ አልወደቀችም። ሥሯ የያዘው ጭቃ ከታች ከብዶ ቀጥ አድርጎ ስላቆማት ልጆቿን ዙሪያዋን ይዛ፣ ዘለላዋን እንዳንጠለጠለች፣ ቆማ ሄደች። በሁለቱ ረድፎች መሐል፣ ሰው ገበያ እንደሚሄድ በዝግታ፣ ወደ ሐይቁ ሆድ አቀናች። በጀልባዋ አጠገብ ስታልፍ ቅጠሏ የሻሺቱን ትከሻ ዳሰሰ። ካሱ ገጀራውን ከፍ እንዳደረገ ቀረ፤ እጁን ቢዘረጋ ዘለላውን ይቆርጠው ነበር፣ ግን አልቆረጠም። ጋሽ ኦይታ ባርኔጣቸውን አነሱ። አራቱም የመጨረሻውን ረድፍ አልፋ፣ ገላጣው ውኃ ላይ ወጥታ፣ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ እስክትሆን ድረስ ዝም ብለው ተመለከቷት።

«እግዚኦ» አሉ ጋሽ ኦይታ፣ በጣም በዝቅታ።

ወደ መጋዘኑ ሲቀዝፉ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። መጋዘኑ ግድግዳ የሌለው፣ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ቆርቆሮ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተሠራ ውኃው የደረሰው እስከ ሰው ወገብ ነው። በአንድ በኩል ያለውን ቆርቆሮ ካሱና ጓደኞቹ ከትናንት ወዲያ ነቅለውታል፤ ዛሬ ሌላውን ሊጀምሩ ነበር። ጋሽ ኦይታ ጀልባዋን በምሰሶዎቹ መሐል አስገብተው ድንገት መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ያዙ። ፌቨን ሙዝ የምትለይበት የሲሚንቶ መደብ ከውኃው እኩል ነው፤ እዚያ መደብ ላይ ከዳር እስከ ዳር አዞ ተኝቷል። ጅራቱ የማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ገብቷል። አፉን ገርበብ አድርጎ ከፍቷል፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ጨረር ጀርባው ላይ ተራ በተራ ነጥብ ነጥብ አድርጎበታል። ዓይኑ ክፍት ነው፣ አያያቸውም፣ ወይም ለማየት የሚበቁ አልመሰሉትም። ሻሺቱ ፈራች፤ ነገር ግን ከፍርሃቱ በላይ ሌላ ነገር ነበር። የሰው ቤት ሳያንኳኩ የገቡ ሆኖ ነው የተሰማት። «ቦታዬን ያዘው» አለች ፌቨን፣ ሳቋን ይሁን እንባዋን ዋጥ አድርጋ። ጋሽ ኦይታ ጀልባዋን ያለ ድምፅ ወደ ኋላ አወጧት።

ዳር ሲደርሱ ላቀው መጥቷል። አይሱዙውን አስፋልቱ አጠገብ አቁሞ፣ የፀሐይ መነጽሩን አድርጎ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ውኃው ከገባ ጀምሮ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ብቻ ናቸው። ሻሺቱ ሙዙን አስወርዳ፣ ኮባ አንጥፋ፣ አይሱዙው ላይ ደረደረችው። ከጭነቱ ጎን ሠራተኞቹ ሁሉ ሊቀመጡ የሚችሉበት ባዶ ቦታ ተረፈ፤ ድሮ ግን አንድ ጣት የምታስገባበት ክፍተት አይገኝም ነበር። ጨርሳ ወረደችና ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ና፣ ጀልባዋ ላይ ውጣ» አለችው።

«ምን ላድርግ?»

«ምንም አታድርግ። ና ውጣ።»

ሠራተኞቹ እያዩ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ጋሽ ኦይታ ቀዘፉ። ሻሺቱ ከፊት፣ እሱ ከመሐል ተቀምጠው፣ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር፤ ስለዚህ ፊቱን አላየችውም። የሰማችው ትንፋሹን ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ነበር የሚተነፍሰው፤ ከረድፎቹ ውስጥ ሲገቡ፣ ያ አረንጓዴ ጣሪያ ከላያቸው ሲዘጋ፣ ትንፋሹ ቆመ። ብዙ ሄዱ። መጋዘኑን በሩቅ አለፉት፤ አዞው እንደተኛ ነው። ከዚያ ግንዶቹ አለቁና ገላጣው ላይ ወጡ፤ እዚያ ቦታ የአባታቸው ማንጎ አለ። ሥሩ ተቀምጠው ምሳ የሚበሉበት፣ ላቀው በልጅነቱ ወድቆ ክንዱን የሰበረበት ትልቅ ማንጎ። ከውኃው በላይ የቀረው አናቱ ብቻ ነው። አናቱ ደግሞ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍ ሰፍሮበታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ትከሻቸውን ሰብስበው ከላይ ተቀምጠዋል፤ ከታች ስማቸውን የማታውቃቸው ቀጫጭን ነጫጭ ወፎች ጫጩት ያበላሉ። ከማንጎው ወዲያ ወሰን የለም። ቀይ ውኃ፣ ከዚያም ሰማይ፣ ከዚያም በጣም ርቆ እንደ ጭስ የሳሳ ተራራ።

«ይህን ያህል ነው እንዴ?» አለ ላቀው።

ሻሺቱ ዞራ አየችው። መነጽሩን አውልቋል። ልጅ ሆኖ ከባድ ዝናብ ሲመጣ እንደሚያደርገው ዓይኑ ፈጥጦ ነበር።

«ጠዋት ሰማሁህ» አለችው።

ምኑን እንደሆነ አልጠየቀም። እጁን ውኃው ውስጥ ነከረና አወጣ። «አልነገርኳቸውም፣ ምክንያቱም...» ብሎ ጀመረ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮውንና ሙዙን ሊያነሳ እንደሆነ አውቃለች። እሱም ራሱ አወቀው መሰል ተወው። ቆይቶ፣ «አልመጣሁምኮ፣ እትዬ። ከአስፋልቱ ነበር የማየው። ይመለሳል ስላቸው ግማሹን እውነት መስሎኝ ነው፤ መጥቼ ካየሁ እንደማይመለስ ይገባኛል ብዬ ፈርቼ ነው ያልመጣሁት» አለ። «ግማሹን ግን ዋሽቻለሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወስዳቸው መኪና አለ» አለችው። «የሚቀሩት ላንተ ብለው ነው።»

«ቆርቆሮው...»

«ቆርቆሮውን ለሱ ተውለት» አሉ ጋሽ ኦይታ፣ በአገጫቸው ወደ መጋዘኑ እያመለከቱ። «ከኛ ይልቅ እሱ ነው የሚጠለልበት።»

ላቀው ማንጎውን እያየ ቆየ። አንድ ወፍ ከአናቱ ተነስታ ክንፏን ሳትመታ ከራሳቸው በላይ አለፈች፤ ጥላዋ ጀልባዋን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ ሄደ።

«አባዬ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?»

ሻሺቱ አሰበች። «ዝም ብሎ ያይ ነበር» አለችው።

ዳር ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ላቀው ድንጋዩ ላይ አልወጣም፤ ባዶ እግሩን ጭቃው ውስጥ ቆሞ ሠራተኞቹን ሰበሰባቸው። ብዙ ይናገራል ብላ ነበር፣ አልተናገረም። «ውኃው አይመለስም» አለ። «እኔ ሶዶ ላይ የሲሚንቶ ሱቅ ልከፍት ነው። ቀደም ብዬ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ ሙዙ እስኪወጣ ብዬ ደበቅኳችሁ።» ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ካሱ ገጀራውን ከመሬት አነሳ፤ የላቀው ዓይን ወደ ገጀራው ሄደ፣ የሻሺቱም። ካሱ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ በሸሚዙ እጅጌ ውኃውን አበሰለት፣ ከዚያ ከወገቡ ላይ ሻሹን ፈቶ እንደ ጨቅላ ጠቀለለው።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ፌቨንን ጠየቃት። ላቀውን አላየውም። ከዚያም በኋላ ቀኑን ሙሉ አላየውም።

አንዳንዶቹ ቀሩ፤ የታመመ ያለባቸው፣ ቤታቸው ጫኖ የሆነ። የሚሄዱት እቃቸውን ለማምጣት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ላቀው የአይሱዙውን ኋላ ከፈተው። «ውጡ፣ አደርሳችኋለሁ» አለ። ከሙዙ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ኮባው ላይ ተቀመጡ። ሻሺቱ ጋቢና ገባች። ሲቀላ ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መናኸሪያው ሲደርሱ የክብሩ መኪና የለም፤ ትኬት የሚቆርጠው ሰው አሁን ወጣ፣ ወደ ኮንሶ መንገድ ይዟል አላቸው። ካሱ ስልክ ሞከረ፣ መስመር አልነበረም። ከኋላ አንድ ሰው ወረደ፣ ሁለተኛው እግሩን አንጠለጠለ። ላቀው ሞተሩን አላጠፋም። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «አትውረዱ» አለ፣ ማርሹን አስገባና ባጃጆቹን በጡሩምባ እየበተነ የኮንሶን መንገድ ያዘ።

ሻሺቱ ወንድሟ እንዲህ ሲነዳ አይታ አታውቅም። የኩልፎን ድልድይ ሲያልፉ ወንዙ ከድልድዩ ሥር ሞልቶ፣ የሰው ቤት የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ እንደሆነ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚያጉረመርመው ነገር ይነግራል፤ ደጋ ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ከኋላ ሴቶቹ መዝሙር ጀምረው ተዉት። መንገዱ ከፍ ሲል ከግራ በኩል የጫሞ ሐይቅ ብቅ አለ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ዓባያ ያልደፈረሰ፣ የከሰዓት ፀሐይ ላዩ ላይ ተሰባብራ። ላቀው እግሩን ከነዳጁ አላነሳም፤ ግን አየው፣ እሷም ሲያይ አየችው። ስለ ሲሚንቶው ሱቅ አሰበች። ሲሚንቶ ማንም ሰው ይደረድረዋል። ከችፑዱ ግድግዳ ኋላ ተኝታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሻይ እየጠጣች የምታረጅበትን ክፍል አሰበች። ክፍሉ ክፉ ክፍል አልነበረም።

ሼሌ ከተማ ላይ ደረሱበት። የክብሩ አውቶቡስ ጎማ ሊያስነፋ ቆሞ፣ ክብሩ ራሱ በሩ ላይ ተደግፎ ለውዝ ይበላ ነበር። ወጣት ነው፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያደረገ። ከአይሱዙው የሚወርዱትን ሲያይ ለውዙን ኪሱ ከተተ። «ጠብቄያችሁ ነበርኮ፣ የምትመጡ አልመሰለኝም» አለ። ካሱ ገጀራውን ይዞ መጀመሪያ ገባ፣ ቆራጮቹ ተከተሉት፣ አጣቢዎቹ ቀጠሉ። ፌቨን ደረጃው ላይ ሆና ሻሺቱን ዞራ አየቻት፣ ምንም ሳትል ገባች።

«ደርዳሪ የለም?» አለ ክብሩ። «ደርዳሪ ነው ዋናው የቸገረን። ሙዙ አዲስ አበባ እስኪደርስ ግማሹ ይጠቁራል።»

ከአውቶቡሱ ውስጥ ማንም አልመለሰም፤ በላቀው ፊት እህቱን መጥራት ነውር መስሏቸው ነው። ሻሺቱ አይሱዙው አጠገብ ነጠላዋን ይዛ ቆማ ነበር። ላቀው ከጋቢናው ወረደ፤ ጫማውን ጫኖ ረስቶት ባዶ እግሩን ነበር።

«ደርዳሪዋ እሷ ናት» አለ። «አባቴ ነው ያስተማራት። እኔን አላስተማረኝም፤ እጅህ ችኩል ነው አለኝ። እሷ የደረደረችው ሙዝ ተመትቶ ደርሶ አያውቅም። እኔ ባለሀብት የተባልኩት በእሷ እጅ ነው።» ይህን ሲናገር ክብሩን እንጂ እሷን አላየም። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልብስሽን ኢየሩስ ትልክልሻለች» አላት። «ካልሄድሽም ክፍልሽ አለ።»

ሻሺቱ ወንድሟን ሳመችው፤ ትከሻውን በትከሻዋ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሳይሆን እንደ ሠርግ። ከዚያ ክብሩን ጠየቀችው። «እርሻችሁ ከውኃ ምን ያህል ይርቃል?»

«ውኃ?» አለ ክብሩ፤ ፊቱ በራ። «በሱ አታስቢ። ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ውኃ መቼም አናጣም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ወደ እሱ ዞሩ። በክፍት መስኮቶቹ ሁሉም ሰምተዋል። ክብሩ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየ። መጀመሪያ የሳቀው ካሱ ነው፣ ከሆዱ፣ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የነበረ ፊቱ ተከፍቶ፤ ከዚያ ፌቨን፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። ሻሺቱ አልሳቀችም። ደረጃውን ይዛ ወጣች፣ በስተግራ በኩል መስኮት ዳር ተቀመጠች። አውቶቡሱ ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ መንገዱ እንደገና ከፍ አለና ጫሞ ሙሉ በሙሉ ተገለጠ፣ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር፣ ፀሐይዋ ወደ ጋሞ ተራሮች አዘንብላ ውኃውን በሙሉ ወርቅ አድርጋው፣ ጉማሬዎች እንደ ጥቁር ድንጋይ ዳሩ ላይ ተኝተው። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ቀኙ ረድፍ የተቀመጡት ሳይቀሩ ተነስተው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየተደገፈ፣ ኮረብታው እስኪጋርደው ድረስ አዩት።